ኦክቶፐሱን የበላው ማን ነው?

ፌብሩዋሪ 9፣ እሁድ

ክልከላው ዛሬ ተጀመረ። የሁላ መምህርታችን ኩሙ ኬሃው ከልምምድ በኋላ ሃያ አራቱን ደናሾችና እኔን ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ዘረዘሩልን። እስከ ኤፕሪሉ የሁላ ጭፈራ በዓል ድረስ ፀጉር መቁረጥ የለም። ሐሜት የለም። ይህን ሲሉ ሁላችንም ወደ ኖሄአ ዞርን። ከባል ጋር መተኛት የለም። ኦክቶፐስ መብላትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ኦክቶፐስ ሙልጭልጭ ነው፣ የበላው ሰው ዜማው ከአእምሮው ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ኩሙ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ "ውድድር ለፈረስ ነው" ሲሉ ከርመው ዘንድሮ በድንገት በዓሉ ላይ እንወዳደራለን አሉ። የአያታቸውን የትውልድ ሐረግ ዜማ መድረክ ላይ ራሳቸው ሊያዜሙ ነው። ሰላሳ ሁለት ስም አለው፤ ከጥንቱ አለቃ ይጀምርና አያታቸው ካሂኪና ላይ ያበቃል። አንድ ስም ከተዘለለ ወይም ስም መሃል ላይ ትንፋሽ ከተቆረጠ ለቤተሰቡ ጥሩ አይደለም። ምን እንደሚመጣ ማንም ተናግሮ አያውቅም። ጥሩ አይደለም ብቻ ነው የሚባለው፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያስፈራል።

እሳቸው እየመሩ የመጀመሪያውን ቅል እንደ ከበሮ ይመታሉ፣ እኔ እንደ ሁልጊዜው ከጎናቸው ተቀምጬ ሁለተኛውን። ሁለተኛውን ቅል ስመታ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ቅሬታ አይደለም፣ ቁጥሩን መጻፌ ነው።

ክልከላውን ለሜልቪን ስነግረው ካላንደሩን አየ። "ሰባ አምስት ቀን?" አለ። "ካለፈው ዓመት በምን ይለያል?" ትራሱን አንስቶ ሳሎን ገባ። እንዲህ ዓይነት ባል ነው ያለኝ።

ፌብሩዋሪ 12

የምሠራበት ጎማ ቤት። አለቃዬ ዛሬ ምሳ ይዞ መጣ፣ ኦክቶፐስ በሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት የተለወሰ። ሁለት ጉርሻ ቀመስኩ።

እሺ፣ አምስት። ክልከላውን ያስታወስኩት አፌ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ እሁድ

ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

የሁላ ቤታችን የኩሙ የቀድሞ ጋራዥ ቢሆንም ቤተ መንግሥት እንኳ እንዲህ አይገባም። በሩ ላይ ተሰልፈን "አስገቡን" የሚለውን ዜማ እናዜማለን። ኩሙ ከውስጥ የመልሱን ዜማ ካላዜሙ ማንም እግሩን አያነሳም። ያዜምነው ካልጣማቸው ዝም ይላሉ፣ እኛም እንደግማለን። በሽታም ይኑረን ሐዘን፣ በዚህ በር ያለ መልስ የገባ ሰው የለም።

ዛሬ አሥራ አራት ጊዜ አዜምን። በከተማችን በሂሎ ዝናብ፣ አርባ ደቂቃ። አምስተኛው ላይ የተሻልን መሰለኝ። ዘጠነኛው ላይ የኖሄአ የዓይን ኩል አገጯ ደረሰ። አሥራ ሁለተኛው ላይ በእውነት ቆንጆ አዜምን። ከውስጥ ምንም የለም።

በመጨረሻ የኩሙ ልጅ ካሌኦ የገበያ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። "ምን ሆናችሁ ነው የምትበሰብሱት?" ብሎ በሩን በክርኑ ገፋው። ሁላችንም ደነገጥን። ኩሙ ወንበራቸው ላይ፣ ቅሉን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"እናንተ ልጆች፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡ እንጂ" አሉን።

ኖሄአ አለቀሰች። "ትሕትናን ነው ያስተማሩን" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም "ትልቅ ትምህርት ነው" አልኩ። ግን ቅላቸውን ልቀበላቸው ስጠጋ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ አንድ ነገር ጠፍቶት እንደሚፈልግ ሰው። ማስቲካ ይሆናል።

ፌብሩዋሪ 20

ኩሙ "ሄአላኒ፣ ያንን ውሃ አቀብዪኝ" አሉኝ። ሄአላኒ እናቴ ናት። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።

እናቴን እመስላለሁ። ሁሉም ይላል። ውሃውን አቀበልኳቸው።

ማርች 2፣ እሁድ

ተዋረድኩ። ግን ደህና ነኝ።

ኩሙ እያዜሙ፣ እኔ እየመታሁ፣ ልጆቹ እየጨፈሩ ሳለ ከአሥራ ስምንተኛው ስም ወደ ሃያ አምስተኛው ዘለሉ። ስድስት የአለቃ ዘር አየር ላይ ቀረ። እያንዳንዱ ስም የራሱ የእጅ እንቅስቃሴ አለውና ሃያ አራት ሴቶች እጃቸውን እንዳነሱ ደርቀው ቆሙ። ኩሙ ቅሉን መምታት ቀጠሉ፣ ከዚያ እሳቸውም ቆሙ።

ቀድማ የተናገረችው ኖሄአ ነች። "አንዷ ኦክቶፐስ በልታለች" አለች።

ኩሙን አየኋቸው። ያንን ፊት ከዚህ በፊት አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፣ የሱናሚው ሳይረን የጮኸ ቀን። አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። እኔ ደግሞ እጄን አወጣሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ኢዋላኒ?" አሉ ኩሙ።

"በሦስተኛው ቀን፣ ጎማ ቤት። አምስት ጉርሻ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኩሙም ትከሻቸው ወረደ፣ ወንበራቸው ላይ መልሰው ተቀመጡ። "ውጪ" አሉኝ፣ እንደ ድሮው አድርገው።

ወጣሁ። በሩ ላይ ብቻዬን አስገቡኝ ብዬ አዜምኩ። ስድስት ጊዜ። አልመለሱም። ውስጥ ልምምዱ ቀጠለ። በተገለበጠ ባልዲ ላይ ከውሻቸው ጋር ተቀመጥኩ፣ እሱም ኦክቶፐስ በልቶ ይሁን አላውቅም። እስኪያልቅ ውጭ ቆየሁ። ኩሙ ሲወጡ አዩኝና "ኢዋ፣ ዛሬ የት ቀረሽ?" አሉ።

ቅጣት ነው። የረሱኝ አይመስለኝም። ይገባኛል።

ኖሄአ መኪናዋ ጋ ጠበቀችኝ። "ከባልሽ ለሰባ አምስት ቀን ተለይተሽ፣ ኦክቶፐስ ሦስት ቀን አቃተሽ?" አለችኝ። እንግዲህ ሐሜት ክልክል ስለሆነ ፊት ለፊት መናገር ጀምራለች።

ማርች 11

ካሌኦ ጎማ ይዞ መጣ። ሚስማር ወግቶታል። ባንኮኒው ላይ ተደገፈና እስክጨርስ ጠበቀ።

"አክስቴ ኢዋ" አለ፣ ዘመዱ ባልሆንም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "እናቴን እንዴት ታያታለሽ?"

"እንደ ሁልጊዜው። ይቆጣሉ።"

"የሩዝ ማብሰያውን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት።"

"ሜልቪንም መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያገኘው።"

"ሩዙ እየበሰለ እኮ ነው ነቅላ ያስገባችው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች። እኔን አትሰማም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ የአያቷን ስም ይዛ እንድትጠፋ ትፈልጊያለሽ?"

ያን ጊዜ ነው የማይባለውን ያልኩት። "አንተ ስለ ዜማ ምን አገባህ? በአሥራ አራት ዓመትህ ቅሉን ጥለህ ኳስ የሄድክ ልጅ።" ጆሮው ቀላ። ጎማውን ራሱ አንከባሎ ወጣ።

ምን ዓይነት ሴት ነኝ? እናቱን ፈርቶ ነው የመጣው።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት እጽፈዋለሁ። ተናገርኩ እንበል። ምን ይባላል? "ኢዋ ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቀች፣ አሮጊቷ ትንሽ ቢደናቀፉ ቦታቸውን ጠየቀች።" ኖሄአ በአንድ ከሰዓት ደሴቱን ታዳርሰዋለች። የሚያናድደኝ ሐሜቱ ውሸት አለመሆኑ ነው። ያንን የመጀመሪያውን ቅል እፈልገዋለሁ። ከሰላሳ ዓመቴ ጀምሮ እፈልገዋለሁ። አፌን የዘጋሁት ለክብራቸው ብዬ አይደለም፤ የምኞቴ መልክ እንዳይታይ ነው።

በዚያ ላይ ሐኪም አይደለሁም። ሰው ይደክመዋል።

ማርች 18

ሰላሳ ሁለቱን ስም ጎማ ቤት እለማመዳለሁ። ኮምፕሬሰሩ ሲጮኽ ማንም አይሰማም። ሁለተኛ ቅል የሚመታ ሰው ስሞቹን ቢያውቅ ምንም ነውር የለውም። ለማንኛውም ያህል ነው።

ሜልቪን ቁርስ ላይ፣ "ትናንት ሃያ አንደኛውን ዘለልሽው" አለኝ።

"አንተ ምን ታውቃለህ?"

"ሌሊት በእንቅልፍሽ ታዜሚያለሽ፣ ግድግዳው ስስ ነው። እኔ እኮ አሁን ሰላሳ ሁለቱንም አውቃለሁ።" እንቁላሉን ቆረሰ። "ለማን ነው የምትለማመጂው፣ ኢዋ?"

ቡናውን ሞላሁለት።

ማርች 30፣ እሁድ

ልምምድ ሳይጀመር የኩሙን ቅል ልወለውል አነሳሁት። ከሥሩ፣ መዳፋቸው በሚያርፍበት በኩል ወረቀት ተለጥፏል። ጥቃቅን ጽሑፍ። ስሞች፣ ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አራት።

እኚህ ሴትዮ ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት ይዛ የመጣችን ተማሪ ወረቀቷን ቀምተው ለውሻው ነበር የሚሰጡት። "ዜማ ሆድ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም" ይሉ ነበር። እንደ ልጅ ጽፈው፣ እንደ ልጅ ለጥፈው፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ተጭነውታል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ቀና ስል በር ላይ ቆመዋል። ወረቀቱን አየን፣ ተያየን።

"ጉንዳን አስቸግሮኝ ነው" አሉ። "በዚያ በኩል ይገባሉ።"

"አዎ ኩሙ፣ ዘንድሮ ጉንዳን በዝቷል" አልኩ። ቅሉን ወረቀቱን ወደ ታች አድርጌ ቦታው መለስኩት።

ሁለት ትልልቅ ሴቶች። እንዲህ ነው የምንነጋገረው።

ኤፕሪል 6

አሥራ ዘጠኝ ቀን። የሦስት ልጆች ቀሚስ ጠቧል፣ ሁሉም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ይወቅሳል። ኩሙ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ስም። ሌሎቹ ሦስቱ የት እንደሄዱ እንጃ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኤፕሪል 7

ነገ።

ኤፕሪል 10

ሰላሳ ሁለቱንም አሉ። አንዱም አልጎደለ። ዞር ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። አየሽ፣ ሰው ይደክመዋል ብዬ አልነበር።

ኤፕሪል 13፣ እሁድ

አሥራ አንደኛው ስም ላይ ቆሙና "ይህ የማን ዜማ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። በሹክሹክታ ነው፣ ሌላው አልሰማም። "የእርስዎ ነው" አልኳቸው። "ቆንጆ ነው" አሉ።

ነገ ማለት ሰለቸኝ።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

ዛሬ የመድረክ አክሊላችን የሚሠራበትን የፈርን ቅጠል ልንለቅም ከእሳተ ገሞራው በታች ወዳለው ጫካ ወጣን። መግቢያው ላይ ጫማችንን አልኮል ረጨን፣ የኦሂአን ዛፍ የሚጨርሰው በሽታ ተከትሎን እንዳይገባ። ከዚያ ተሰልፈን ጫካውን በዜማ ፈቃድ ጠየቅን። ጫካው ቶሎ ይመልሳል፤ አንድ ወፍ ጮኸችና ገባን። ከአንዳንድ ሰው ይሻላል።

ልጆቹ ወደ ላይ ተበተኑ። ኩሙ ዳገቱ ስለማይሆንላቸው የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ቅርጫት ይዤ ከጎናቸው ቀረሁ። ዛሬ ብርቅ ቀናቸው ነበር፣ ዓይናቸው ጥርት ያለ። ቅጠሎቹን እየደረደርን ሳለ፣

"ያ ኦክቶፐስ ይጣፍጥ ነበር?" አሉኝ።

"ኩሙ?"

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"በጣም" አልኩ።

"ጥሩ። በከንቱ ውጭ አልዋልሽም።" አንድ ፈርን ገልበጥ አድርገው አዩ፣ ጣሉት። "የእኔ መርሳት ግን ከኦክቶፐስ አይደለም። ሐኪሙ ከገና በፊት ነው የነገረኝ። ለካሌኦም አልነገርኩት። ለዚህ ነው ዘንድሮ ይሁን ያልኩት፣ ከርሞ አያቴን ማን እንደነበረች አላውቃትም።"

ቅርጫቱን መሬት አስቀመጥኩት። "ለምን አልነገሩንም?" አልኩ።

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?" ቀና ብለው አዩኝ። "ያን ቀን በር ላይ ስታዜሙ የመልሱ የመጀመሪያ ቃል ጠፋኝ። የመጀመሪያውን ባገኘው ሌላው ይመጣል። አሥራ አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ሃያ አምስት ሴት ዝናብ ላይ ቆሞ አንዲት እንኳ በሩን ገፍታ 'ምን ሆነዋል?' የምትል ጠፋች። እኔ ያሳደግኩት ፈሪ ነው አልኩ።"

"ያለ መልስ መግባት ክልክል ነዋ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

"እንግዲህ በደንብ አስተምሬያለሁ ማለት ነው" አሉና ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። "አፍንጫሽን በፈርኑ እንዳትጠርጊ፣ መድረክ ላይ ነው የሚወጣው" አሉኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። በካሌኦ ላይ ያደረግኩትን፣ ጎማ ቤት የተለማመድኩትን፣ ቅሉን እንደምፈልገው። ቅሉን ስለምፈልገው ዝም እንዳልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ሰው ባል ስታዪው ኖረሻል።"

መሬት ውጪኝ አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

"ስሚኝ። እኔ እጀምራለሁ። የጠፋኝ እንደሆነ በጉልበቴ እነካሻለሁ። ትንፋሼ ሳያልቅ ግቢ። በእኔ ድምፅ ግቢ፣ በራስሽ አይደለም፣ የራስሽ ጎማ ጎማ ይላል።"

"መንካቱንስ ቢረሱት?"

"እሱን እንግዲህ አንቺ አስቢበት" አሉ። "ሁሉንም እኔ ላስብ?"

ኤፕሪል 25፣ አርብ

ጠዋት። ፈርኑ በረዶ ሳጥን ውስጥ። የልጆቹ ፀጉር አልደረቀም። ሜልቪን ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፣ ኮሌታውን አቃጠለ። ሰላሳ ሁለት። ሰላሳ ሁለት። ካሌኦ ከፊት ረድፍ ወንበር አግኝቷል። ስጠራው አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቷል።

መኪናው መጣ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ። ዝናቡ በስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ሰባት ዳኞች፣ ካሜራ፣ ቢጫ መብራት። ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። ኩሙ ቅሉን አነሱት። ከሥሩ ወረቀት የለም፤ ልጠውት እንደመጡ አየሁ።

ጀመሩ። ያ ድምፅ። ሰባ አራት ዓመት ያልነካው ድምፅ። ልጆቹ ወለሉን ሲረግጡት በመቀመጫዬ ተሰማኝ። አሥራ ስምንተኛው ስም ሲደርስ ሆዴን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ሞልቼ፣ ጉልበቴን እንደ ጆሮ አቁሜ ጠበቅኩ።

አልነኩኝም። አሥራ ዘጠኝ አሉ። ሃያ። ለወራት የጠፉት ስድስቱ አንድ በአንድ ተሰልፈው መጡ። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት። እዚህ እውነቱን ልጻፍ፤ ከደስታዬ ሥር አንዲት ትንሽ ቅሬታ ነበረች። ሁሉንም አውቄ መጥቼ እኮ ነበር። እኔ ግን አላስፈለግኳቸውም። ሰላሳ። ሰላሳ አንድ። አለቀ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩት።

ጉልበታቸው ጉልበቴን ነካ።

የመጨረሻውን ስም ረሱት። የአያታቸውን። እጃቸውን ይዛ ቅል መምታት ያስተማረቻቸውን ሴት። ሰላሳ አንደኛውን ስም እየጎተቱት ነው፣ የመጨረሻውን ፊደል እያረዘሙ፣ ትንፋሻቸው እየሳሳ፣ ዓይናቸው መብራቱ ላይ ተተክሎ። እኔ ሳንባዬ ባዶ ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ገባሁ። ካሂኪና። ግማሹ ላይ ስደርስ ድምፃቸው ከጎኔ ተነሳና ስሙን አብሮኝ ጨረሰ። ሳይቆረጥ ወጣ።

ሰላሳ ሁለት ስም ተዘጋጅቼ አንድ ስም ደረሰኝ። እሱም ባይደርሰኝ በወደድኩ።

ከአሥራ ሦስት ቡድን ዘጠነኛ ወጣን። አንዱ ዳኛ ወረቀቱ ላይ "የመጨረሻውን ስም በሁለት ድምፅ ማድረጋቸው የታሰበበት ነው" ብሎ ጽፏል። ኖሄአ "እኔ እኮ ገና ከልምምዱ ገብቶኛል" እያለች ትዞራለች። ካሌኦ መድረኩ ጀርባ መጣ፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "አክስቴ ኢዋ፣ ያ ጎማ ደግሞ ተነፈሰ" አለኝ። ሰኞ በነፃ እሠራለታለሁ አልኩት። እናቱ ትናንት በመኪና ውስጥ ሁሉንም ነግረውታል።

ሜልቪን ትራሱን ይዞ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመ። ሊያዜም ሲል አስገባሁት።

ኤፕሪል 27፣ እሁድ

ጠዋት ፈርኑን ወደ ተለቀመበት ጫካ መለስን፣ ከሰዓት የሁላ ቤቱን ልንጠርግ ተሰበሰብን። ልጆቹ በር ላይ እየተሰለፉ ሳለ ኩሙ ከውስጥ ወጡ። የመጀመሪያው ቅል በእጃቸው ነው። ሰጡኝ።

"ግቢ" አሉኝ።

"ኩሙ፣ ማን ይመልስልኛል?"

"አንቺ ነሽ የምትመልሺው። እኔ እዚህ እቆማለሁ። የመጠየቂያውን በስድስት ዓመቴ ነው የተማርኩት፣ እሱ አይጠፋኝም። የመልሱን ደግሞ አንቺ ያዢው።" ሄደው ከኖሄአ ኋላ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ኖሄአ የምትለው ጠፋት፣ ይህንንም ቀኑን ጽፌዋለሁ።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ወንበራቸው ላይ አልተቀመጥኩም፣ ምንጣፉ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ባዶ ጋራዥ ነው፣ የዘይት ሽታው እንኳ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ከውጭ ዜማው ተነሳ። ሃያ አምስት ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ግን የእሳቸው ይሰማል። "ዝናቡ ቀዝቅዟል፣ መንገዱ ረዝሟል፣ አስገቡን" ይላል። ለሌላ ሰው ያልለመዱትን ልመና ሳይሸራርፉ ለመኑኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ እንባ ዘጋው። ዜማው አለቀ። ዝናብ መጣል ጀመረ። እንደገና አዜሙ፣ እንደገና አለቀ፣ እኔ ቅሉን አቅፌ አፌን እየከፈትኩ እየዘጋሁ።

የበሩ እጀታ ተንቀሳቀሰ። ገርበብ አለ፣ በክፍተቱ የኩሙ አፍንጫና አንድ ዓይናቸው ታየ። ይህን በር ያለ መልስ የገፋ የመጀመሪያው ተማሪ እሳቸው ሆኑ።

"ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"ምንም ኩሙ። ደህና ነኝ።"

"ደግሞ ኦክቶፐስ በላሽ?"

ሳቄ መጣ። ከሳቁ ጋር ጉሮሮዬ ተከፈተ። በሩን መልሰው ዘጉት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ፣ እኔም መለስኩላቸው።